«ከ… እስከ…» የማይሞላለት ሕመም፦ ክሮንስ የተገኘባት ተማሪ ጉዳይ

መነሻ

የግቢያችን የሕመም ፈቃድ ወረቀት ላይ «ከ……… እስከ………» የሚል ክፍት ቦታ አለ። ሐኪሙ ሁለት ቀን ይሞላበታል፣ ተማሪው ለመምህሩ ያሳያል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ወባ የያዘው፣ እግሩ የተሰበረ፣ ትርፍ አንጀቱን የተቀደደ ሁሉ «እስከ» አለው። እዚህ የምጽፈው «እስከ» ስለሌለው ሕመም ነው።

ተማሪዋ የመንዝ ልጅ ናት። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ስትማር 3ኛ ዓመት ላይ ክሮንስ የሚባል የአንጀት ሕመም እንዳለባት ተነገራት። እኔ የሴክሽኗ አማካሪ መምህር ነበርኩ። ሐኪም አይደለሁም፤ የሕክምናውን ነገር የምጽፈው አብሬያት ገብቼ ከሐኪሟ የሰማሁትንና በኋላ አንብቤ የተረዳሁትን ያህል ነው። ስሟን፣ ዲፓርትመንቷንና የታከመችባቸውን ቦታዎች ትቻለሁ። ጽሑፉን አስቀድማ አንብባዋለች። ሁለት ቦታ ላይ «ይህ ይውጣ» ብላኝ አውጥቻለሁ። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ እኔ አለሳልሼ የጻፍኩትን «ቲቸር፣ እንደነበረው ይጻፉት» አለችኝ። የቱ እንደሆነ ስትደርሱበት ታውቁታላችሁ።

ዳራ

አባቷ በልጅነቷ አርፈዋል። እናቷ ገብስና ባቄላ ያርሳሉ፣ ጥቂት በጎች አሏቸው። ታላቅ ወንድሟ ደብረ ሲና ላይ የመኪና ረዳት ነው። ከቤቱ ዩኒቨርሲቲ የገባች የመጀመሪያዋ እሷ ናት።

ዶርሟ 3ኛ ፎቅ ላይ ነበር፣ ስድስት ሆነው ያድራሉ። ሽንት ቤቱ ከኮሪደሩ ወዲያኛው ጫፍ ነው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ በማይመጣበት ቀን ሁሉም በጀሪካን ከታች ይቀዳል። ይህን የምጠቅሰው ለጤነኛ ሰው ተራ የሆነ ነገር ለእሷ የቀኑ ዋና ጉዳይ ስለነበረ ነው። ብርዱም አለ። ያለንበት ደጋ ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ከብርድ ልብስ ወጥቶ በዚያ ኮሪደር አራትና አምስት ጊዜ መመላለስ ምን እንደሚመስል ያደረበት ያውቀዋል።

ከምርመራው በፊት ያሉት 9 ወራት

ሕመሙ የጀመራት 2ኛ ዓመት እያለች፣ ጥር ላይ ነው። ከእምብርቷ በቀኝ በኩል ዝቅ ብሎ ይቆርጣታል፣ ተቅማጥም አላት። ክሊኒክ ሄደች፣ ሰገራ ታየ፣ አሜባ ተባለ፣ ሜትሮኒዳዞል ተሰጣት። ለሳምንት ቀለል ብሏት ተመለሰባት። ቀጥሎ ጃርዲያ ተባለ። ከዚያ ታይፎይድ፣ ከዚያ የጨጓራ ባክቴሪያ። በ9 ወር ውስጥ ሜትሮኒዳዞልን ብቻ አራት ጊዜ ወስዳለች።

በዚህ ማንንም አልወቅስም። እኛ አገር ተቅማጥ ያለበትን ሰው መጀመሪያ በአሜባ መጠርጠር ትክክል ነው። ችግሩ በሄደች ቁጥር እንደ አዲስ መታየቷ ነበር። አራተኛውን ሜትሮኒዳዞል ያዘዘው ሰው የፊተኞቹን ሦስቱን አላየም፣ እሷም አልነገረችውም። በኋላ ለምን እንዳልነገረችው ስጠይቃት «ያው መድኃኒት ሰጥተው ስለሚልኩኝ ምን ይጠቅማል ብዬ» አለችኝ።

በዚህ መሀል ክብደቷ ከ52 ኪሎ ወደ 41 ወረደ። አመሻሽ ላይ ትኩሳት አላት፣ አፏ ውስጥ ይቆስላል፣ ጉልበቷን ያማታል። ዋናው ምልክት ግን ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሳት ተቅማጥ ነበር። ሐኪሟ እንዳስረዳችን ጭንቀት ወይም የተለመደው የሆድ መታወክ ብዙውን ጊዜ ተኝቶ ያለን ሰው አይቀሰቅስም። ከአራት ሳምንት ያለፈ ተቅማጥ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ፣ ከክብደት መቀነስና ከደም ማነስ ጋር ከመጣ ሰገራ ብቻ አይቶ መሸኘት አይበቃም።

ስትከሳ ወሬ ተጀመረ። በምን እንደተጠረጠረች ለአማርኛ አንባቢ መናገር አያስፈልገኝም። ሳትናገር ሁለት ጊዜ ተመርምራ ነጻ ነበረች፤ ነጻ መሆኗን ግን ለማን ሄዳ ትናገር?

የእኔም ድርሻ አለበት። ስሟ ሲጠራ የማትኖርባቸው ቀናት በዙ። አንድ ቀን አርፍዳ ስትገባ «ደግሞ ዛሬ ከየት ተገኘሽ? ቪዛሽ ሊያልቅ ነው እንዴ?» አልኳት፣ ክፍሉ ሳቀ። እሷ ከዚያ በፊት የነበረውን አንድ ሰዓት ሽንት ቤት ነበረች። አለሳልሼው የነበረው ይህ ነው።

ቲቢ ወይስ ክሮንስ?

3ኛ ዓመት ጥቅምት ላይ አንዲት የዶርም ጓደኛዋ ዝም ብላ ጎትታ ሆስፒታል ወሰደቻት። የደም ማነስ መለኪያ የሆነው ሄሞግሎቢኗ 8.6 ሆኖ ተገኘ፤ ደም ማነስ አለባት ማለት ነው። አልትራሳውንድ የትንሹ አንጀት መጨረሻ ግድግዳ መወፈሩን አሳየ። ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን ከውስጥ በካሜራ ማየት) ለማድረግ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈላት።

እዚህ ላይ የእኛ አገር የክሮንስ ምርመራ ቲቢ ብዙም ከሌለበት አገር ይለያል። ክሮንስ እ.ኤ.አ. በ1932 ኒው ዮርክ ውስጥ በሐኪሙ በክሮንና በሁለት ባልደረቦቹ የተገለጸ ሕመም ነው፣ ስሙም ከእሱ የመጣ ነው። የሰውነት መከላከያ የራሱን አንጀት ያቆስላል። ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊወጣ ይችላል፣ በብዛት ግን ትንሹ አንጀት ከትልቁ የሚገናኝበትን ቦታ ይይዛል። የአንጀት ቲቢም የሚወደው ያንኑ ቦታ ነው። ሁለቱም ያከሳሉ፣ ያተኩሳሉ፣ በኮሎኖስኮፒም ቁስላቸው ይመሳሰላል። ልዩነቱ ሕክምናው ላይ ነው። የክሮንስ መድኃኒት የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል፤ ቲቢ ላለበት ሰው በስህተት ቢሰጥ ቲቢውን ያጋግለዋል።

የተወሰደው ናሙና ቁርጡን አልተናገረም። የቲቢ ጀርም አልተገኘበትም፣ አለመገኘቱ ግን የለም ለማለት አይበቃም። ስለዚህ ሐኪሟ ቲቢ በብዛት ባለበት አገር የተለመደውን መንገድ መረጠች፦ የቲቢ መድኃኒት አስጀምሮ፣ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ደግሞ በኮሎኖስኮፒ ማየት። ቲቢ ከሆነ ቁስሉ በዚያ ጊዜ መዳን ይጀምራል። የእሷ አልዳነም። የካቲት ላይ ስሙ ተነገራት።

ሦስቱ ወራት ባክነው ነበር ወይ? ብዙ ሰው ይህን ይጠይቀኛል። እኔ ባክነዋል አልልም። በሌላ በኩል እሷን ማንም «ይህ መፈተሻ ነው፣ ላይሠራም ይችላል» ብሎ በሚገባት ቋንቋ አልነገራትም። መድኃኒቱን እየዋጠች እየባሰባት ሲሄድ የመጣላት ሐሳብ መሞቷ ብቻ ነበር።

ስሙ ሲነገራት

ከሐኪሟ ክፍል እንደወጣን ለእናቷ ደወለች። «ክሮንስ ነው አሉኝ» ስትል እናቷ ከወዲያ ማዶ «ኮሮና?» ብለው ጮኹ። ስልኩን ተቀብዬ «አይደለም እማማ፣ የአንጀት ቁስለት ነው፣ ለሰው አይተላለፍም» አልኳቸው። «ይድናል?» አሉኝ። ሐኪሟ አሥር ደቂቃ ቀደም ብላ የተናገረችውን ልድገመው ስል ቃሉ አልመጣልኝም። በመድኃኒት ይተኛል፣ ሊመለስም ይችላል፣ ተኝቶ እስካለ ድረስ ትማራለች፣ ትሠራለች፣ ትወልዳለች። እናቷ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብለው «እንደ ሚጥል በሽታ በሉኛ» አሉ። በመድኃኒት ተይዞ የሚኖር ሕመም ማለታቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ለሰው ሳስረዳ የምጠቀመው የሳቸውን ምሳሌ ነው።

መድኃኒቱ ሁለት ነበር። አንዱ ፕሬድኒሶሎን ነው፣ በቀን 40 ሚሊ ግራም፤ እሳቱን ቶሎ ያጠፋል፣ ግን ለረጅም ጊዜ አይወሰድም፣ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ሁለተኛው አዛታዮፕሪን ነው፤ ሥራውን የሚጀምረው ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ነው፣ ለዓመታት ይወሰዳል፣ ነጭ የደም ሕዋስን ሊያወርድ ስለሚችል ደም እየታየ ነው። የሰውነትን መከላከያ የሚያረጋጉ፣ ዋጋቸው ግን የማይቀመስ መርፌዎች እንዳሉም ተነገረን፤ ለእሷ ቤተሰብ የሚታሰብ አልነበረም።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ተቅማጡ ቆመ። በሦስተኛው ሳምንት ፊቷ ሞላ፣ ክብ ሆነ። የፕሬድኒሶሎን ሥራ ነው። ግቢው ውስጥ ያገኛት ሁሉ «ተመችቶሻል!» ይላታል። አንዷ ደግሞ ሆዷን እያየች «ስንት ወር ሆነሽ?» አለቻት። በአንድ ዓመት ውስጥ ከስታ አንድ ስም፣ ወፍራ ሌላ ስም ወጣላት።

እንቁላሉ

መድኃኒቱን የጀመረችው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው። ሐኪሟ ክብደቷ እስኪመለስ እንቁላልና ሥጋ እንድትበላ፣ ጠዋት መድኃኒቱን በባዶ ሆዷ እንዳትውጥ አዘዘቻት። እሷ ደግሞ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ጾም ገድፋ አታውቅም።

የንስሐ አባቷ ጋ በስልክ ተገናኘን። ነገሩን ሰምተው ጊዜ አልወሰዱም። «ጾም የተሠራው ለጤነኛ ነው። ሐኪም ያዘዘሽን ብዪ፣ ስትድኚ ትጾሚያለሽ» አሏት። እኔ በዚህ ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ።

አላለቀም። ፈቃዱ ከንስሐ አባቷ መጣ፣ መብላቱ ግን አምስት ጾመኞች ባሉበት ዶርም ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የተቀቀለ እንቁላል በሶፍት ጠቅልላ በጃኬቷ ኪስ ይዛ ላይብረሪው ጀርባ ካለው ጥድ ሥር ቆማ ትበላ ነበር። ልጣጩን እዚያው አትጥለውም፣ በሶፍቱ ጠቅልላ ትመለሳለች። አንድ ቀን ጓደኛዋ ኪሷን ስትፈትሽ ልጣጩን አገኘችው። ተጣሉ፣ ተላቀሱ፣ በመጨረሻ ተናገረች። ከማግስቱ ጀምሮ እንቁላሉን የምትቀቅለው ያችው ጓደኛዋ ሆነች፤ ራሷ ሳትቀምሰው።

በምግብ በኩል ሌላ የረዳት ነገር ደብተር ነው። ለክሮንስ የሚሆን አንድ ምግብ የለም፤ የሚስማማውን ሰው በራሱ ይለየዋል። የበላችውንና የሆነችውን ለስድስት ሳምንት ጻፈች። ሕመሙ ሲነሳ ቆሎ፣ የባቄላ አሹቅ፣ ጥሬ ቃሪያና ወተት አልተስማሟትም። ሩዝ፣ ድንች፣ እንቁላል፣ አጥሚት፣ በርበሬው የቀነሰ ሽሮ ተስማማት። እናቷ በየወሩ የሚልኩት የገብስ በሶ ሲሻላት ይስማማታል፣ ሲነሳባት አይስማማትም። ከካፌ ወጥታ ነን ካፌ ሆነች፣ ማለትም የግቢውን ምግብ ትታ የምግቧን ገንዘብ በእጇ መቀበል ጀመረች፤ ገንዘቡ አልበቃም፣ ግን የምትበላውን ራሷ መረጠች። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ጨርሶ ተከለከለች፣ መድኃኒቱ መከላከያዋን ስለሚያዳክም። ሌላም ማንም የማያስበው ነገር አለ፦ ዶርም ውስጥ ራሴን አመመኝ ላለ ሁሉ የሚታደለው ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ። እነዚህ ክሮንስን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ብቻ እንድትወስድ ተነገራት።

መድኃኒቱን ያቆመችበት ፋሲካ

ለፋሲካ መንዝ ገባች። ያን ጊዜ ፕሬድኒሶሎኑ ወርዶ 20 ሚሊ ግራም ደርሷል። ደህና ናት፣ ትበላለች፣ ትስቃለች። ጎረቤት «ይህች ናት የታመመች?» ይላል። እናቷ ስለት ነበረባቸውና ጸበል ወሰዷት። እዚያ ሁለት ሳምንት ስትቆይ ሁለቱንም መድኃኒት ተወችው። ተው ያላት ሰው የለም። «ጸበሉን እየጠጣሁ ክኒን ብውጥ አለማመን መሰለኝ» ነው ያለችኝ።

ፕሬድኒሶሎን ለሳምንታት ሲወሰድ ሰውነት የራሱን ተመሳሳይ ንጥረ ነገር ማምረት ይተዋል። በድንገት ሲቆም ባዶ እጁን ይቀራል። እሷም ማስታወክ፣ ማዞር፣ ከአልጋ አለመነሳት ጀመራት፤ ከቀናት በኋላ ተቅማጡ ተመለሰ። ወንድሟ ከደብረ ሲና መኪና ይዞ ወጣ፤ ሆስፒታል ስትደርስ የደም ግፊቷ ወርዶ ነበር። ዘጠኝ ቀን ተኛች።

እኔ በዚህ ተናድጄ ነበር። እናቷ ሆስፒታሉ በር ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመው ሲያዩኝ ግን ቁጣዬን የማወጣበት ሰው እንደሌለ ገባኝ። ያስተካከሉት የንስሐ አባቷ ናቸው። ሊጠይቋት መጥተው አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው «ጸበሉን ጠዋት ትጠጫለሽ፣ ክኒንሽን ቁርስ በልተሽ ትውጫለሽ፤ ሁለቱንም የሰጠ አንድ ነው» አሏት። ሐኪሟ ሦስት ጊዜ ያስረዳችው ነገር የገባት ያን ጊዜ ነው። ከመጀመሪያውም ስለ ጾሙ ስንደውልላቸው ስለ መድኃኒቱ ብንጠይቃቸው ኖሮ ይህ ላይመጣ ይችል ነበር።

ያ ሴሚስተር አልዳነም። ዊዝድሮዋል (ትምህርት ለጊዜው ማቋረጫ ቅጽ) ሞላች። ከግንቦት እስከ ጥር እናቷ ዘንድ ቆየች። አዛታዮፕሪኑ ሥራውን የያዘው በዚያ ጊዜ ነው። አንዴ ነጭ የደም ሕዋሷ ወርዶ መጠኑ ከ100 ወደ 75 ሚሊ ግራም ተቀነሰላት። መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት ሊያልቅባት የደረሰበትም ሳምንት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የአንድ ወር መጠባበቂያ ሳትይዝ አትንቀሳቀስም። ሕክምናውን በመድኅን ለመሸፈን ሞክረን ነበር፤ የእናቷ የጤና መድኅን ደብተር ላይ የእሷ ስም አልነበረም። ወንድሟ ተመላልሶ ለማስመዝገብ አንድ ዓመት ፈጀበት፣ እስከዚያ ሦስት በጎች ተሸጡ።

ፈተና ክፍል

ወደ ኋላ ልመለስ። የቲቢ መድኃኒት ላይ እያለች፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ሚድ ፈተና ነበራት። ደንቡ ይታወቃል፣ የወጣ አይመለስም። 20 ደቂቃ እንደሠራች ሆዷ ተነሳ። እጇን አወጣች። ፈታኙ «ወረቀትሽን ሰጥተሽ ውጪ» አላት። ምክንያቷን 70 ሰው ፊት ልትናገር አልቻለችም። ሰጥታ ወጣች። ወረቀቱን ያረምኩት እኔ ነኝ፤ ከአምስት ጥያቄ ሁለቱ በሚገባ ተሠርተዋል፣ ሦስቱ ባዶ ናቸው። «አላጠናችም» ብዬ ከ30፣ 11 ሰጠኋት።

ከዊዝድሮዋሉ በኋላ ስትመለስ አዲስ ነገር ያደረግነው በዚህ ላይ ነው። የሕመም ፈቃድ ወረቀት በየጊዜው ከማምጣት ይልቅ አንድ ደብዳቤ አዘጋጀን። ሐኪሟ ሕመሙ ዘላቂ መሆኑንና መቼ እንደሚነሳ መገመት እንደማይቻል በአራት መስመር ጻፈች። የሕመሙ ስም አልተጠቀሰም፤ እሷ የፈለገችው እንደዚያ ነበር። ከሥሩ እኔ የምንጠይቀውን ጻፍኩ፦ በፈተና ጊዜ በር አጠገብ እንድትቀመጥና ከሴት ፈታኝ ጋር ወጥታ እንድትመለስ፣ ሕመሙ በተነሳ ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሜክአፕ (ማካካሻ ፈተና) እንዲሰጣት፣ ከስድስት ኮርስ አራት ብቻ እንድትይዝ፣ ዶርሟ ምድር ቤት እንዲሆን።

የዲፓርትመንት ካውንስሉ ላይ አንድ ባልደረባዬ «ለእሷ ከፈቀድን ነገ ሁሉም ሆዴን አመመኝ ይላል» አለ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። «እስቲ አንድ ሴሚስተር እንቁጠር» ተባባልን። በዚያ ሴሚስተር ካሉት ስምንት ፈተናዎች ወጥታ የተመለሰችው ሁለት ጊዜ ነው። መውጣት እንደምትችል ማወቋ ራሱ ሆዷን አረጋጋው። ይህን እኔም አልጠበቅኩትም ነበር።

የዶርሙ ጉዳይ ከሁሉም ፈጠነ። የዶርሙ ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሯ፣ ደብዳቤውን እንኳ ሳታነብ «ለምን እስካሁን አልነገራችሁኝም?» ብላ በዚያው ቀን ምድር ቤት፣ ከሽንት ቤቱ ሁለተኛ በር ላይ አስገባቻት። ተማሪዋ አልጋዋ ሥር ሁልጊዜ ሁለት የተሞላ ጀሪካን ታስቀምጣለች። ቦርሳዋ ውስጥ ሶፍት፣ አንድ ሃይላንድ ውሃ፣ ቅያሪ የውስጥ ልብስና ጥቁር ፌስታል አይጠፋም። ይህን ዝርዝር እንድጽፈው የነገረችኝ ራሷ ናት፦ «ሌላዋ ልጅ የሚያስፈልጋት ይኼ ነው» ብላ።

ያልሠራው

ለሴክሽኑ ተወካይ በምስጢር ነገርኩት። ጓደኞቿ ማስታወሻ እንዲያካፍሏት ብዬ ነው። በሦስተኛው ቀን ባቹ ሁሉ አወቀ፣ የታወቀውም ተጣሞ ነው፤ «አንጀቷ በስብሷል» ተብሎ። ሳልጠይቃት ያደረግኩት ነው፤ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ለሁለት ወር ያህል ወደ ቢሮዬ አልመጣችም።

የግቢው ምክር አገልግሎትም አልጠቀማትም። ሁለት ጊዜ ሄዳ ሁለቱንም ጊዜ «አይዞሽ፣ ጠንክሪ» ተብላ ተመለሰች። የጠቀማት ሐኪሟ በስልክ ያገናኘቻት አንዲት ሌላ ታማሚ ናት፤ ባንክ የምትሠራ፣ ሁለት ልጆች ያሏት፣ ዘጠኝ ዓመት ከዚህ ሕመም ጋር የኖረች ሴት። በመጀመሪያው ጥሪ አንድ ሰዓት ተኩል አወሩ። ስለ ምን እንዳወሩ ጠየቅኳት። «ስለ ሽንት ቤት» ብላ ሳቀች። ስትስቅ ካየሁ ወራት ሆኖኝ ነበር።

ለሌላ ጉዳይ የሚወሰደው

አማካሪ ለሆነ ሰው፦ ደጋግሞ የሚቀር ተማሪ ሲያጋጥም ክፍል ውስጥ ከመናገር በፊት ለብቻው መጠየቅ። ሕመሙ ዘላቂ ከሆነ ወረቀቱም አንድ ሆኖ ዘላቂ ይሁን፤ ደካማ ሰውን በየሳምንቱ ለማስረጃ ክሊኒክ ማሰለፍ ሌላ ሕመም ነው። ማን ማወቅ እንዳለበት የሚወስነው የታመመው ነው። በእሷ ጉዳይ አራት ሰው በቂ ነበር፦ ፕሮክተሯ፣ አንድ የዶርም ጓደኛ፣ አማካሪዋና የዲፓርትመንት ኃላፊው።

ለታመመው፦ ሁሉንም የሕክምና ወረቀት፣ የክሊኒኩን የሜትሮኒዳዞል ማዘዣ ሳይቀር፣ በአንድ ክላሰር መያዝ። ደህና በሆኑ ጊዜ መድኃኒት ማቆም ሲያምር ለሐኪም መደወል፤ በተለይ ፕሬድኒሶሎን በራስ ውሳኔ አይቆምም። የንስሐ አባትን ስለ ጾም ብቻ ሳይሆን ስለ መድኃኒቱም መጠየቅ።

ለቤተሰብ የምለው ብዙ የለኝም። እናቷ ከእኔ በተሻለ ተረድተውታል።

አሁን ያለችበት

ከባቿ አንድ ዓመት ዘግይታ ዘንድሮ ጂሲ (ተመራቂ) ናት። ክብደቷ 50 ኪሎ ነው። ከተመለሰች ወዲህ ሕመሙ አንድ ጊዜ ተነስቶ በአጭር ጊዜ ፕሬድኒሶሎን መልሶ ተኝቷል። አዛታዮፕሪኑን ትወስዳለች፣ ደሟ በየሦስት ወሩ ይታያል።

ከፊቷ ያለው የመውጫ ፈተና ነው። ይህ የእኛ የዲፓርትመንት ፈተና አይደለም፤ በአገር አቀፍ ደረጃ በኮምፒውተር የሚሰጥ ስለሆነ የካውንስላችን ውሳኔ እዚያ አይሠራም። ወጥታ እንድትመለስ እንዲፈቀድላት የሐኪሟን ማስረጃ አያይዘን ጠይቀናል። ባለፈው ሳምንት ጉዳዩን የያዘው ሠራተኛ ደውሎ ማስረጃው ላይ ሕመሙ የሚያበቃበት ቀን እንዳልተሞላ ነገረኝ። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ስልኩን ሳልዘጋ እጇን ዘርግታ ክላሰሯን ከፈተች፣ የሐኪሟን አራት መስመር አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች፣ «ያንብቡለት» አለችኝ። አነበብኩለት። «እንግዲህ ለበላይ አቀርበዋለሁ» ብሎ ዘጋው። መልስ እየጠበቅን ነው።